መመዘኛው ሲለዋወጥ እኛ በምን እንመዝን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በዚህ ጽሑፍ ልንወያይበት ያሰብነው ጉዳይ በየቀኑ የሚያጋጥመን፣ ነገር ግን ቆም ብለን የማንመረምረው ነው። ይኸውም መዝናኛችን ነው። ከትምህርትና ከሥራ በኋላ ዓይናችንንና ጆሮአችንን የምንሰጠው ለምንድን ነው? የሚያስቀን ምንድን ነው? ትናንት ያሳፍረን የነበረው ነገር ዛሬ ለምን አላሳፈረንም? እነዚህን ጥያቄዎች እያንዳንዳችን ለራሳችን ብናቀርብ፣ መልሱ ስለ መዝናኛው ብቻ ሳይሆን ስለ እኛም ብዙ ይነግረናል።

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ሊሆን ይገባል። መዝናናት በራሱ ኃጢአት አይደለም። ጌታችን በቃና ዘገሊላ ሠርግ ተገኝቷል፤ የጎደለውን ሞላ እንጂ የደስታውን ቤት አልበተነም። ዳዊት በገና ደርድሮ የተጨነቀውን ሳኦልን አሳርፏል። እኛም በየበዓሉ መዝሙር እናጠናለን፤ መንፈሳዊ ድራማ አዘጋጅተን ለምእመናን እናቀርባለን። ስለዚህ ጥያቄያችን «መዝናናት ይፈቀዳልን?» የሚል አይደለም። ጥያቄያችን «የምንዝናናበትን ነገር በምን እንመዝነው?» የሚል ነው።

ሲኒማ በአዲስ አበባ በተጀመረበት ዘመን ሕዝቡ የሚታይበትን ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ ይጠራው እንደ ነበር ይታወቃል። ዛሬ ይህን ስም ስንሰማ ፈገግ እንል ይሆናል። ይሁን እንጂ ያ ቤት ቢያንስ በር ነበረው። የሚገባ አስቦ ይገባል፤ የማይገባ አልፎ ይሄዳል፤ የገባውንም ጎረቤት ያየዋል። በ1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን በአገራችን ሲጀመር ትዕይንቱ ቀስ በቀስ ወደየቤቱ ገባ። ያን ጊዜም ቢሆን ቤተሰብ በአንድነት ተቀምጦ ያይ ስለ ነበር፣ አባት ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ እናት ፊቷን ስታዞር፣ ልጅ ነገሩ ደግ እንዳልሆነ ይረዳ ነበር። አሁን ግን ቤቱ ራሱ ከኪሳችን ገብቷል። በር የለውም፤ ዘበኛ የለውም፤ ከብርድ ልብስ ሥርም ይበራል። እንግዲህ ከውጭ የሚጠብቀን ሲቀንስ ከውስጥ የሚጠብቀን ሊበረታ ይገባል ማለት ነው። የውስጡ ጠባቂ ደግሞ መመዘኛ ያስፈልገዋል።

ብዙ ጊዜ በእጃችን የምናገኛቸው መመዘኛዎች ሦስት ናቸው። ሦስቱንም እንመርምራቸው።

ሀ. «ተፈቅዷል» የሚለው መመዘኛ

ብዙዎቻችን አንድን ፊልም ስንመርጥ «ለዕድሜህ ተፈቅዷል» የሚል ምልክት ካየን ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። በፊልሞች መጀመሪያ ላይ ከምናያቸው የዕድሜ ምልክቶች በዓለም በስፋት የሚታወቁት ከአሜሪካ የፊልም ኢንዱስትሪ፣ ከሆሊውድ የመጡት ናቸውና ታሪካቸውን በአጭሩ ማወቅ ይጠቅመናል።

እ.ኤ.አ. በ1927 የሆሊውድ አምራቾች በፊልም ፈጽሞ መታየት የሌለባቸውን 11 ነገሮችና በጥንቃቄ ሊታዩ የሚገባቸውን 25 ነገሮች ዘርዝረው አወጡ። በ1930 ዳንኤል ሎርድ የተባሉ የካቶሊክ ቄስና ማርቲን ክዊግሊ የተባሉ አሳታሚ ያዘጋጁት ሰፊ የሥነ ምግባር ደንብ ጸደቀ። ሆኖም ደንቡ በወረቀት ላይ ብቻ ቀረ። የሚያስገድድ አልነበረምና። በ1934 በሚሊዮን የሚቆጠሩ ምእመናን መጥፎ ፊልም ላለማየት ቃል ሲገቡ፣ አምራቾቹ ገበያቸው እንዳይዘጋ ፈርተው ቁጥጥሩን አጠበቁት። ከዚያ ወዲህ በጆሴፍ ብሪን የሚመራው ቢሮ የምስክር ወረቀት ካልሰጠ በስተቀር የማኅበሩ አባል የሆነ ኩባንያ ፊልሙን ቢያወጣ 25,000 ዶላር ይቀጣ ነበር። በዚያን ዘመን ፊልሞች ባልና ሚስት እንኳ ብዙ ጊዜ በሁለት የተለያዩ አልጋዎች ተኝተው ይታዩ ነበር።

ይህ አጥር ለዘለዓለም አልቆመም። ቴሌቪዥን መጣ፤ የውጭ አገር ፊልሞች መጡ፤ የሕዝቡም ስሜት ተለወጠ። በ1953 አንድ ፊልም ያለ ምስክር ወረቀት ወጥቶ ገበያ አገኘ፤ ሌሎችም ተከተሉት። በመጨረሻ በ1968 ደንቡ ተሽሮ በዕድሜ የሚመድበው ምልክት ተተካ። በ1984 ደግሞ ለሕፃናት አስፈሪ የሆኑ ፊልሞች ቅሬታ ስላስነሡ «ፒጂ-13» የተባለው መካከለኛ ምልክት ተጨመረ፤ ትርጉሙም ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ላይስማማ ይችላልና ወላጅ ይጠንቀቅ ማለት ነው።

ታዲያ ምልክቱ ባለበት ቆመን? አልቆመም። በ2013 የታተመ አንድ ጥናት ከፍተኛ ገቢ ያገኙ ፊልሞችን መርምሮ፣ በፒጂ-13 ፊልሞች ውስጥ የሚታየው የጠመንጃ ግድያና ጥቃት ከ1985 ወዲህ ከሦስት እጥፍ በላይ መጨመሩን አሳይቷል። ምልክቱ ያው ነው፤ በምልክቱ ሥር ያለው ግን ሌላ ሆኗል። ሚዛኑን ሳይነኩ ድንጋዩን እንደ መለወጥ ያለ ነው። ከዚህ የምንማረው ቁም ነገር፣ «ተፈቅዷል» የሚለው ቃል የሚነግረን ገበያው በዚያ ዓመት ምን እንደ ታገሠ እንጂ ለነፍሳችን ምን እንደሚስማማ አለመሆኑን ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 10 የተፈቀደና የሚያንጽ አንድ አለመሆናቸውን ያስተምራል።

ለ. «የዱሮው ንጹሕ ነበር» የሚለው መመዘኛ

ይህን ታሪክ የሰማ ሰው «እንግዲያው የዱሮው ደንብ ይመለስ! የዱሮው ፊልም፣ የዱሮው ዘፈን፣ የዱሮው ሰው ንጹሕ ነበር» ሊል ይችላል። ታላላቆቻችን ብዙ ጊዜ እንዲህ ይላሉ፤ ከሚሉትም ውስጥ እውነት አለበት። ነገር ግን ያ ጥብቅ ደንብ ምን ይዞ ምን እንደ ለቀቀ በጥንቃቄ እንመልከት።

ደንቡ ከከለከላቸው ነገሮች አንዱ የነጭና የጥቁር ሰው የፍቅር ግንኙነት በፊልም እንዳይታይ ነው። ይህም «ሥነ ምግባር» ተብሎ ከርኩሰት ጋር በአንድ ዝርዝር ተጻፈ። በአንጻሩ ጥቁሩን ሰው ሞኝ፣ ሰነፍና አገልጋይ ብቻ አድርጎ በማሳየት ተመልካችን ማሳቅ የተለመደ ሥራ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1939 የወጣውን ታላቅ ፊልም እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ፊልሙ የተሠራበትን መጽሐፍ በአገራችን ነቢይ መኮንን በእስር ቤት ሳሉ በሲጋራ ወረቀት ላይ ተርጉመው «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርእስ ለአማርኛ አንባቢ አቅርበውታል። ፊልሙ በቁጥጥሩ ቢሮ ሲያልፍ በአንዲት የእርግማን ቃል ላይ ብዙ ክርክር ተደርጓል። የባርነቱን ዘመን አሳምሮ፣ ጌቶቹን ደግ፣ ባሮቹን ደስተኛ አድርጎ ማሳየቱ ግን የምስክር ወረቀቱን አላስከለከለም። በዚሁ ፊልም የአገልጋይቱን ቦታ ይዛ የተጫወተችው ሃቲ ማክዳንኤል በ1940 የኦስካርን ሽልማት በማግኘት የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሆነች። በሽልማቱ ምሽት ግን ከፊልሙ ባልደረቦች ጋር እንድትቀመጥ አልተደረገም፤ ከግድግዳ አጠገብ ተለይቶ በተዘጋጀ ጠረጴዛ ላይ ነበር የተቀመጠችው።

ወንድሞችና እኅቶች፤ እዚህ ላይ ቆም እንበል። እርቃን የማይታይበት፣ ስድብ የማይሰማበት ትዕይንት ሠርቶ፣ የእግዚአብሔርን አርአያ የያዘች እኅትን ከማዕድ መለየት ይቻላል ማለት ነው። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 23 የጽዋውን ውጭ እያጠሩ ውስጡን የተዉትን ፈሪሳውያን የገሠጸበት ትምህርት ለዚህ ዓይነቱ ንጽሕና ነው። ስለዚህ የዱሮውን ዘመን መመዘኛ ማድረግም አያዋጣም። ያለፈው ዘመንም የራሱ ዕውርነት ነበረበት።

ሐ. «የእኛ ነው፣ የውጭ ነው» የሚለው መመዘኛ

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራውን ጀምሮ የውጭ አገር ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ በያዘ ጊዜ ብዙ ክርክር ተነሥቶ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። የኪነ ጥበብ ሰዎች «ባህላችን ይጠፋል፤ የአገር ውስጥ ሥራም ይዳከማል» ብለው ተቃወሙ። ጭንቀታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። በየቤቱ እራት የሚቀርብበት ሰዓት እንኳ በድራማው ሰዓት የተወሰነበት ጊዜ ነበርና።

ነገር ግን አንድ ነገር ከባሕር ማዶ ስለ መጣ ብቻ ክፉ፣ በአገር ልጅ ስለ ተሠራ ብቻ ደግ ነው ብንል እንሳሳታለን። እስቲ የራሳችንን ቀልዶች እንመርምር። ከገጠር የመጣ ሰው በአነጋገሩ ይሳቅበታል። የቤት ሠራተኛይቱ ሁልጊዜ ሞኝ ሆና ትቀርባለች። የሚንተባተበው፣ አካሉ የተጎዳው፣ መልኩ ያላማረው ለመሳቂያ ይወጣል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ መንገደኛን በድንገት አስደንግጦ ወይም አዋርዶ ቪዲዮውን በቲክቶክና በዩቲዩብ ማሰራጨት የተለመደ መዝናኛ ሆኗል። በእነዚህ ውስጥ እርቃን የለም፤ ከውጭ የመጣ ነገር የለም፤ በራሳችን ቋንቋ የተሠሩ ናቸው። ነገር ግን በየቤታችን ከጓዳ ሆና የምትሰማ አንዲት ልጅ ልትኖር ትችላለች። ቤተሰቡ ሁሉ በእርሷ ዓይነት ሰው ሲስቅ ትሰማለች። ያን ጊዜ ሣቃችን ምን ዓይነት መባ ነው?

ንጽሕና ማለት ከዝሙት መራቅ ብቻ ነው ብለን ካሰብን የወንጌሉን ግማሽ ትተናል። ፍቅር የሌለበት ንጽሕና፣ ንጽሕናም የሌለበት ፍቅር፣ ሁለቱም ጎዶሎዎች ናቸው።

የዓይን ልማድ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው ሦስቱም መመዘኛዎች ይዋዥቃሉ። ከሁሉ በላይ የሚዋዥቀው ግን በውስጣችን ያለው ነው። ይኸውም የራሳችን ዓይን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ ጥናት ይህን በሚያስደንቅ ሁኔታ አሳይቷል። አጥኚዎቹ ልጆች ላሏቸው 1,000 አሜሪካውያን ወላጆች ከታወቁ ፊልሞች የተወሰዱ፣ ዓመጽ ወይም ዝሙት ያለባቸው አጫጭር ትዕይንቶችን በተከታታይ አሳዩአቸው። ከእያንዳንዱም በኋላ «ይህን ፊልም ልጅ ከስንት ዓመቱ ጀምሮ ቢያይ ይገባል?» ብለው ጠየቁአቸው። ወላጆቹ ለመጀመሪያው ትዕይንት በአማካይ 17 ዓመት ያህል አሉ። ለመጨረሻው ትዕይንት ግን 14 ዓመት ያህል አሉ። ልብ በሉ! እነዚህ ለልጆቻቸው የሚያስቡ ወላጆች ናቸው። ሕግ አልተለወጠም፤ ዘመን አልተለወጠም፤ በአንድ መቀመጫ ላይ እንዳሉ፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መመዘኛቸው ሦስት ዓመት ያህል ዝቅ አለ። ዝቅ ማለቱንም ያወቁት አይመስልም።

አባቶቻችን ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ያሉት ይህን ዓይነቱን ነገር አይተው ነው። ማንም ሰው ዛሬ ክፉ ልሁን ብሎ አይነሣም። መጀመሪያ ያፍራል፤ ቀጥሎ ይለምዳል፤ ቀጥሎ ይስቃል፤ በመጨረሻም የሚያፍረውን ሰው ኋላ ቀር ይለዋል። በዛሬው ስልካችን ደግሞ ልማዱ የበለጠ ይፈጥናል። አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ሌላው ሳንጠራው ይከተላል። የሚከተለውም ዓይናችን ቀደም ሲል በምን ላይ እንደ ቆየ ተቆጥሮ የተመረጠ ነው። ትንሽ የዘገየንበትን ነገር እየመዘገበ ያንኑ አብዝቶ ያቀርብልናል። እንግዲህ የምናየው እኛን ያሠለጥነናል፤ እኛም የሚቀርብልንን እናሠለጥናለን።

በመጽሐፍ ቅዱስ የዚህ ምሳሌ ሎጥ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 13 እንደምናነበው ሎጥ ወደ ሰዶም የሄደው ዓይኑን አንሥቶ ለምለሙን መስክ በማየቱ ነው። መጀመሪያ ድንኳኑን ወደ ከተማይቱ አስጠጋ፤ በኋላ በከተማይቱ ደጅ ተቀምጦ እናገኘዋለን። ይሁን እንጂ ቅዱስ ጴጥሮስ በሁለተኛው መልእክቱ ምዕራፍ 2 ስለ ሎጥ አንድ ትልቅ ነገር ይመሰክርለታል። ሎጥ በየቀኑ በሚያየውና በሚሰማው ነገር ነፍሱ ትጨነቅ ነበር። ከተማው ሁሉ ሲለምድ እርሱ አልለመደም። በዚያ የነበረው ሀብቱ ይህ ጭንቀቱ ነው፤ መላእክት መጥተው ውጣ ባሉት ጊዜ እየዘገየም ቢሆን እጁን ተይዞ ሊወጣ የቻለው ነፍሱ ገና ስላልደነዘዘች ነው። ሚስቱ ግን እግሯ ወጥቶ ልቧ ስለ ቀረ ወደ ኋላ ተመለከተች።

ስለዚህ አንድ ትዕይንት ቅር ሲለን፣ ኅሊናችን ሲቆጠቆጠን፣ ያ ስሜት ጌጣችን ነው። «ምን ሆነሃል? ሁሉም ያየዋል እኮ!» ቢሉን አንፈር። የምንፈራው መቆጥቆጡን ሳይሆን መቆጥቆጡ ያቆመ ዕለት ይሁን።

ከቀደሙት ክርስቲያኖች

ይህ ፈተና በእኛ ዘመን የተጀመረ አይደለም። አውግስጢኖስ ኑዛዜ በተባለው መጽሐፉ ስለ ወዳጁ ስለ አሊጲዮስ ይተርካል። አሊጲዮስ በሮም ከተማ ሕግ የሚማር ወጣት ነበር። በዚያን ጊዜ ሰው ከሰው ጋር በሰይፍ ሲጋደል ማየት ሕጋዊ መዝናኛ ነበር፤ እርሱ ግን ይጸየፈው ነበር። አንድ ቀን ባልንጀሮቹ በጨዋታ እየጎተቱ ወሰዱት። እርሱም ሥጋዬን ብትወስዱ ዓይኔን ልታስገድዱ አትችሉም የሚል ሐሳብ ይዞ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ። ጆሮውን ግን አልደፈነም። ተጋዳዩ ሲወድቅ ሕዝቡ በአንድነት ጮኸ፤ አሊጲዮስም ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ዓይኑን ገለጠ። ከዚያ በኋላ ዓይኑን አልመለሰም። የተጸየፈውን ወደደው፤ ሌላ ጊዜም ራሱ ሌሎችን እየጎተተ ይሄድ ጀመር። በኋላ ግን እግዚአብሔር መለሰውና ጳጳስ እስከ መሆን ደረሰ። የዚህ ታሪክ ትምህርቱ ሁለት ነው። በራሳችን ብርታት ተመክተን «እኔን አይነካኝም» ማለት አይገባም፤ የወደቀም ቢሆን ተስፋ ሊቆርጥ አይገባም።

ሁለተኛው ምሳሌያችን ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ399 በቁስጥንጥንያ ከባድ ዝናብ ወርዶ አዝመራው ሊጠፋ ሆነ። ሕዝቡም ምሕላ ይዞ በጸሎት ወደ ሐዋርያት አብያተ ክርስቲያናት ሄደ። ጥቂት ቀናት ብቻ አልፈው ግን ከዚያው ሕዝብ ብዙዎቹ ዓርብ ቀን ወደ ፈረስ እሽቅድምድም፣ በማግሥቱ ደግሞ ወደ ቲያትር ሮጡ። ቅዱሱ አባት በዕለተ እሑድ ቆሞ በብርቱ ገሠጻቸው፤ ወደዚያ የሚመለሰውንም ከቅዱስ ቁርባን እንደሚከለክል አስጠነቀቀ። እሽቅድምድሙም ሆነ ቲያትሩ በመንግሥት ሕግ የተፈቀዱ ነበሩ። እርሱ የጠየቀው በሕግ ተፈቅዷልን ብሎ አይደለም። በእንባ ጸልዮ የተመለሰ ሰው በዚያው ሳምንት ያንኑ ዓይኑን ለምን እንደ ሰጠ ነው የጠየቀው። ከነፍሱ ላይ ምን እንደ ፈሰሰበት፣ ምን እንደ ቀረለት ነው የጠየቀው።

እንግዲህ በምን እንመዝን?

ቅዱስ ጳውሎስ በፊልጵስዩስ መልእክት ምዕራፍ 4 እውነተኛውን፣ ጭምቱን፣ ጽድቅ የሆነውን፣ ንጹሑን፣ ፍቅር ያለበትን ነገር እንድናስብ ያዝዘናል። ይህ ሚዛን ከዘመን ጋር አይወርድም፤ አይወጣም። ለዕለት ኑሮአችን እንዲመች በአራት ጥያቄዎች ብንከፋፍለው መልካም ይሆናል።

1ኛ. ይህን አይቼ ስጨርስ ልጸልይ እችላለሁን? አንዳንድ ነገር ሌሊት በጸሎት ሰዓት ተመልሶ በፊታችን ይቆማል። ጸሎታችንን የሚያውክ መዝናኛ ዋጋው ከከፈልነው ገንዘብ በላይ ነው።

2ኛ. እኔ እንድደሰት የሚዋረደው ማን ነው? በመስኮቱ ላይ የምትታየው ልጅ የአንዲት እናት ልጅ ናት። የሚሳቅበት ሰውዬ የክርስቶስ ደም የፈሰሰለት ነው።

3ኛ. ከእናቴ ወይም ከታናሽ እኅቴ አጠገብ ተቀምጬ አየው ነበርን? ዱሮ ሳሎኑ ያስተማረንን ዛሬ ለብቻችን ስንሆን ልናስታውሰው ይገባል።

4ኛ. ይህ ነገር ምን እያስለመደኝ ነው? ካለፈው ዓመት ይልቅ ዛሬ የማያስደነግጠኝ ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ በዐቢይ ጾም መግቢያ ብንጠይቅ ዓይናችን ወዴት እየሄደ እንዳለ እናውቃለን።

ቤተ ክርስቲያናችን ጾም የሆድ ብቻ እንዳልሆነ፣ የዓይንና የአንደበት የጆሮም ድርሻ እንዳለበት ታስተምረናለች። ጥሉላት ትተን ሌሊቱን ሙሉ በስልክ ብንቀመጥ ግማሽ ጾም ጾምን ማለት ነው። በዚህ ጾም ከመካከላችን ጥቂቶች ተስማምተን፣ ማታ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ስልካችንን ከመኝታችን ርቆ ብናሳድር፣ በማግሥቱም እርስ በርሳችን ብንጠያየቅ፣ ትንሽ ነገር ይመስላል እንጂ ትልቅ ነው። ነቢዩ ዳንኤል በንጉሡ ማዕድ ላለመርከስ በልቡ የቆረጠው አስቀድሞ ነው። ማዕዱ ቀርቦ፣ መዓዛው ሸትቶ፣ ባልንጀሮች መብላት ከጀመሩ በኋላ መቁረጥ ይከብዳል። ዳንኤል ብቻውን እንዳልነበረም አንርሳ፤ ሦስት ባልንጀሮች ነበሩት። ጻድቁ ኢዮብም ከዓይኑ ጋር ቃል ኪዳን መግባቱን በምዕራፍ 31 ይነግረናል። ቃል ኪዳን የሚገባው ከፈተናው በፊት ነው።

ከመካከላችን በስውር በመጥፎ ምስል ተይዞ የሚሰቃይ ወንድም ወይም እኅት ቢኖር፣ ይህ ጽሑፍ እርሱን ለማሳፈር አልተጻፈም። ጨለማ የሚበረታው በመደበቁ ነው። ወደ ንስሐ አባቱ ይሂድ፤ ለሚታመን ታላቅ ይንገር። የአሊጲዮስ አምላክ ዛሬም አለ።

በመጨረሻም ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛው፣ ይህ ሚዛን የራሳችንን ዓይን ለመመዘን እንጂ የጎረቤታችንን ስልክ ለመበርበር የተሰጠን አይደለም። «እገሌ እንዲህ ያያል» እያልን የምንዞር ከሆነ ሌላ ዓይነት ትዕይንት አገኘን ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ክፉውን መተው ብቻውን ቤቱን ባዶ ያደርገዋል፤ ባዶ ቤትም ሰባት የከፉ መናፍስትን እንደሚጠራ ጌታችን አስተምሯል። ስለዚህ መልካሙን እንሥራ። ድምፅ ያላችሁ ዘምሩ፤ መጻፍ የምትችሉ ሰውን የማያዋርድ ቀልድ፣ እውነትን የማይሸሽ ድራማ ጻፉ፤ ካሜራ የያዛችሁም የገዳማቱን፣ የአባቶችን፣ የድካም ሥራ የሚሠሩ እናቶችን ታሪክ አሳዩን። በሠርጉ ቤት ወይን ጠጁ ያለቀ እንደ ሆነ፣ ውኃውን በጋኖቹ መሙላት የእኛ ድርሻ ነው፤ መለወጡ የእርሱ ነው።

ምልክቱ ነገም ይለወጣል፤ ገበያውም ይለወጣል። ለውጡ ዓይናችንን ይዞ እንዳይሄድ፣ ሎጥን በሰዶም እያለ ያላስለመደው አምላክ እኛንም ይጠብቀን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።